ለሟች የቀረበ ውኃ

ሟቿ የወደቀችው ባማረ ቦታ ላይ ነበር። ከሥሯ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ነጭ ወለል፣ ከበላይዋ ጣሪያውን እንዳለ የሸፈነ ነጭና ሮዝ አበባ። ከጎኗ ረጅም የአሉሚኒየም መሰላል ተጋድሟል። ጭንቅላቷ ከኋላ በኩል የመድረኩን የብረት ጠርዝ መትቷል። ሠርጉ የሚጀምረው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር፤ አሁን አራት ተኩል ሆኗል።

ኢንስፔክተሯ በሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበበች። «ጫማዎን ያውልቁ። ስልክዎን ቅርጫቱ ውስጥ ያኑሩ። ዛሬ በዓይንዎና በልብዎ ብቻ ይዩን።» ሌላ ጉዳይ ይዛ ሦስት ቀን በእግሯ ስትኳትን ከርማ፣ ቤቷ ገብታ እግሯን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ልትነክር ስትል ነበር የተጠራችው። ጫማዋን አወለቀች። የቀኝ ካልሲዋ አውራ ጣቷ ላይ ተቀዷል። ኧረ ዛሬስ ማን ሊያየኝ ብላ ገባች።

«ጉዳዩ ያለቀለት ነው» አለ ቀድሟት የደረሰው ሳጅን። «ሟች የአዳራሹን ዲኮር የምትሠራዋ ናት። አበባ ልታስተካክል ወጣች፤ መሰላሉን የሚይዙላት ሽማግሌ ጥለዋት ሄዱ፤ ወደቀች። በቸልተኝነት ሰው መግደል። መኪናው ደጅ ቆሟል፤ ፈርመሽልን ይዘናቸው እንሂድ። ደግሞ አምነዋል።»

«እንዲህ ቶሎ ሲያምኑ ደስ አይለኝም» አለች። «የት ናቸው?»

ሰውዬው በረንዳው ደረጃ ላይ እጃቸው በካቴና ታስሮ ተቀምጠዋል። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ትከሻቸው የጎበጠ ሽማግሌ ናቸው። አሥራ አንድ ዓመት ለዚህች ሴት መሰላል ሲይዙ ኖረው ስማቸው ተረስቶ፣ ትልቁም ትንሹም «ጋሽ መሰላል» ይላቸዋል። ኢንስፔክተሯ ከጎናቸው ደረጃው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ሳጅኑ ካቴናውን እንዲፈታ በዓይኗ ጠቀሰችው። ቅር እያለው አንዱን እጅ ብቻ ፈታ።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አሉ ጋሽ መሰላል። «ውሰዱኝ።»

«መውሰዱስ ይደርሳል። ስትወድቅ የት ነበሩ?»

«የግቢው በር ላይ። እሷው ናት የላከችኝ። ‹ጋሼ፣ ሦስት ተኩል ላይ እንግዳ አለብኝ፤ በር ላይ ጠብቅልኝ፣ አክብረህ አስገባልኝ› አለችኝ። ሄድኩ።»

«እንግዳው መጣ?»

«የምን እንግዳ! የአበባ እርሻዋ ሴትዮ ብቻ ናት ብቅ ያለችው፤ አበባ በእቅፍ እያሰረች የምታስጭነን። ‹አበባ ትናንት ጨርሰናል፣ ዛሬ የከበረ እንግዳ ነው የምጠብቀው› ብዬ መለስኳት። ወዲያው ጩኸት ሰማሁ።» ከኪሳቸው የጨርቅ ነገር አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ። «አሥራ አንድ ዓመት ሳልይዝላት አንድ እርከን ወጥታ አታውቅም። ዛሬ ዘወር ብል... እኔን ያስቀድመኝ ነበር እንጂ።»

«ምንድን ነው የያዙት?»

ሽማግሌው ጨርቁን እንደ አዲስ አዩት። «የመሰላሉ ካልሲ ነው። ወለል እንዳይቧጭር አራቱም እግሩ ላይ የማጠልቅለት። ራሴ ነኝ የሰፋሁት።»

«ሌሎቹ ሦስቱስ?»

«እዚሁ ኪሴ ውስጥ ናቸው። ትናንት ሥራው ሲያልቅ መሰላሉን የኋላ ኮሪደር ውስጥ አስገብቼ አወለቅኩለት።»

«እኔ ስለ ዲኮር አላውቅም፤ ሥራው ከየት ነው የሚጀመረው?»

«ከጣሪያ ነዋ!» ለአፍታ ሐዘናቸውን የረሱ መሰሉ። «ቅጠል ይረግፋል፣ አቧራ ይወርዳል። መጀመሪያ ጣሪያ፣ ቀጥሎ ግድግዳ፣ ከዚያ ይጠረጋል፤ ወለሉ መጨረሻ ይለብሳል። ‹ወለል ከለበሰ በኋላ መሰላል የሚያስገባ፣ ሊጥ ላይ በጫማ የሚሄድ ነው› ትል ነበር፣ ነፍሷን ይማረውና።»

የተናገሩትን ራሳቸው አልሰሙትም። ሰው ራሱን ለመክሰስ ከቆረጠ ጆሮው ይደፈናል። ኢንስፔክተሯ ግን ሰምታለች፤ ጉልበቷን ደግፋ ተነሣችና ተመልሳ ገባች።

ወለሉ ላይ ተንበርክካ ብዙ ጊዜ ቆየች። ከኮሪደሩ በር ጀምሮ እስከ ሬሳው ድረስ አንድ ቀጭን ጭረት ተስቧል። ሌላ ምንም ምልክት የለም። የመሰላሉ እግሮች ጥቁር ጎማ ናቸው። ሟቿ ጫማ አላደረገችም፤ የለበሰችው ስስ ነጭ ካልሲ ነው። ጣሪያው ላይ ደግሞ አንዲት አበባ እንኳ አልጎደለችም፣ አልተንጠለጠለችም። «ታዲያ ምን ልታስተካክል ነበር የወጣሽው?» አለች ኢንስፔክተሯ ለሬሳው፤ እንዲህ መጠየቅ ከጀመረች ብዙ ዓመቷ ነው።

የሠርጉ አስተባባሪ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ የሰካች፣ ሠራተኛው ሁሉ «ወይዘሪት ፕሮግራም» የሚላት ሴት ናት። ሬሳውን ያገኘችው እሷ ነች።

«ስምንት ሰዓት ላይ አርባ እንግዳ ይመጣል» አለች ትንፋሽ እያጠራት። «ተሰርዟል ልበላቸው ወይስ ዘግይቷል?»

«ሰው ሞቷል በያቸው።»

«ዝናብ ቢዘንብ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ሙሽራው ቢቀር የምልከው መልእክት አዘጋጅቻለሁ። ለዚህ ግን...» አለችና ስልኳን እንደያዘች አለቀሰች። ለወራት እንቅልፍ የሚሉት ነገር በዓይኗ አልዞረም። ኢንስፔክተሯ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«አርባ ሰው ብቻ ነው?»

«የዘመኑ ሠርግ እንዲህ ነው። ሰው ይቀነስና ነገሩ ይበዛል። የአበባ ጣሪያ፣ የመስታወት ወለል፣ ሙሽሮቹ ሲደንሱ ከሥራቸው የሚነሣ ጭስ፣ ደመና ላይ የቆሙ እንዲመስሉ።»

«ያቺ በአበባ የተጠመጠመችው ወንበርስ?»

«የሙሽሪት እናት ወንበር ናት። ሙሽሪት ሦስት ዓመቷ ሳለ ነው የሞቱት፤ አክስቷ ናቸው ያሳደጓት። አሁን አሁን ለሞተ ዘመድ ወንበር ይተውለታል፤ ፎቶው ይቀመጥበታል። ሰው ያለቅሳል፣ ካሜራው ይቀርጻል።»

«ፎቶው የታለ ታዲያ?»

ወይዘሪት ፕሮግራም አንገቷን አሰገገች። ወንበሩ ላይ የቀረበው እንደ ሌሎቹ ወንበሮች ሁሉ የሠርጉ መርሐ ግብር የታተመበት ደብተርና አንድ ጠርሙስ ውኃ ብቻ ነው። «ጠዋት ነበረ እኮ! ቆይ... ለሟቿ የሰጠኋት ውኃ አርባ ጠርሙስ ነበር። ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ‹አንድ ጨምሪልኝ› አለችኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም። ሰጥቻት ወደ ኬኩ ሄድኩ፤ ከጋጋሪውና ከሦስት አስተናጋጆች ጋር ነበርኩ። ሦስት ከአርባ አምስት ስመለስ ወድቃ አገኘኋት። ጮህኩ፤ በሩን ቆለፍኩና ቁልፉን ለፖሊስ ሰጠሁ።»

«ከዚያ ወዲህ የገባ ሰው አለ?»

«ከእናንተ በቀር ማንም።»

ፎቶው የተገኘው በሟቿ የዕቃ ሣጥን ውስጥ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነው። ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያላት፣ የሃያ ዓመት ገደማ ልጅ እግር ሴት ትሥቃለች። በንዴት የተወረወረ ነገር አይመስልም፤ ሥራው አልቆ በክብር የተመለሰ ዕቃ ይመስላል።

ካሜራማኑ ገና ሳይጠየቅ እጁን ወደ ላይ አነሣ። «ትናንት ተጣልተን ነበር፣ አልዋሽም። ‹ጭስህ አበባዬን ይገድልብኛል› ብላ ሰደበችኝ። ግን ይኸውልሽ።» ካሜራውን አሳያት። ልክ ሦስት ሰዓት ላይ አዳራሹን ባዶውን ቀርጾታል። ወለሉ ለብሷል፤ መሰላል የለም፤ ፎቶው ወንበሩ ላይ አለ፤ ውኃ ገና አልተደረደረም። «ከሦስት ከአምስት እስከ አርባ አምስት ድረስ ደግሞ እኔና ሙሽራው የአትክልቱ ቦታ ነበርን። ድሮኗ ሁለታችንንም ቀርጻናለች። ወደ ሙሽሪት የሚራመድ አስመስዬ ሰባት ጊዜ አስደግሜዋለሁ።»

«ስምንት» አለ ሙሽራው ከኋላ። ጫማው ጭቃ ነክቶታል፤ ፊቱ ገርጥቷል።

የሙሽሪት ክፍል አዳራሹ አጠገብ ነው። ሙሽሪት ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ባንድ ዓይኗ ብቻ ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት ተጣብቆላት ተቀምጣለች። አክስቷ ከኋላዋ ቆመው ጸጉሯን ያበጥራሉ። ኩርት ያሉ፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው የሃምሳ ዓመት ሴት ናቸው።

«ጋሽ መሰላልን ያስሯቸዋል?» አለች ሙሽሪት። «በመስኮት አየናቸው። እሳቸው እኮ ጉንዳን አይረግጡም።»

«ሕግ ያውቃል ልጄ፤ አንቺ ዛሬ እንዲህ ያለውን አታስቢ» አሉ እትዬ ማበጠሪያውን ሳያቆሙ።

«ከሦስት እስከ ሦስት ከአርባ አምስት የት ነበራችሁ?»

«እዚሁ። እማዬ አጠገቤ ነበረች» አለች ሙሽሪት ወደ አክስቷ እያመለከተች።

«ታይያት ነበር?»

«ሽፋሽፍት ሲጣበቅ ዓይን አይገለጥም። ግማሽ ሰዓት ያህል ተከድኖ ነበር።»

የምትኩላት ሴት ከጥግ ሆና «እኔም ሽፋሽፍት ከያዝኩ ቤቱ ቢቃጠል ቀና አልልም» አለች።

«ከማለዳ ጀምሮ ከዚህ ክፍል ንቅንቅ አላልኩም» አሉ እትዬ። «አዳራሹን ዛሬ በዓይኔም አላየሁት።»

«ለእህትዎ የተተወውን ወንበር እንዴት አገኙት?»

እትዬ ተነፈሱ። «የዘንድሮ ሰው ጣጣ አያልቅበት! ለሞተ ሰው ወንበር ምን ያደርግለታል? ውኃ ይጠጣ ይመስል ውኃ ማቅረብ ምን ይሉታል? እኔ እህቴን የማስባት በልቤ ነው።»

«እውነትዎን ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። ከክፍሉ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። አልተደሰተችም። በወጣትነቷ እንዲህ ያለው ጊዜ ላይ ልቧ ይዘል ነበር፤ አሁን የሚሰማት ድካም ብቻ ነው። ሬሳው እንዲነሣ አዘዘች፤ ከዚያ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ እንዲሰበስብ ለሳጅኑ ነገረችው፤ ሰዓቱን እያየ ሄደ።

ጫማቸውን አውልቀው በእንግዶቹ ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። ጋሽ መሰላል ካቴናቸውን ይዘው መጨረሻው ረድፍ ላይ ከሳጅኑ አጠገብ ናቸው።

«ልባችሁን አላደክምም፤ እኔም ደክሞኛል» አለች ኢንስፔክተሯ። «እኚህ ሰው መሰላል ባለመያዝ ሰው ገድለዋል ተብለው ወህኒ ሊወርዱ ነው። ስለዚህ ከመሰላሉ እንጀምር። መሰላሉ ሦስት ሰዓት ላይ እዚህ አልነበረም፤ ካሜራው ይመሰክራል። ወለሉ ከለበሰ በኋላ መሰላል ማስገባት ለሟቿ ነውር ነው። ቢቸግራት እንኳ እግሩን ካልሲ ሳታለብሰው አታቆመውም፤ ካልሲዎቹ አራቱም ጋሽ መሰላል ኪስ ውስጥ ናቸው። ሰው የወጣበት መሰላል በጥቁር ጎማው ነጭ ወለል ላይ አራት ምልክት ይተዋል። እዚህ ያለው አንድ ጭረት ነው፤ ተጎትቶ ገብቶ የተጋደመ መሰላል ጭረት። እሷ ደግሞ በሚያንሸራትት ስስ ካልሲ ነበረች፤ እያወቀች በዚያ ካልሲ መሰላል አትወጣም። ሳጅን፣ ይቺ ሴት ከመሰላል አልወደቀችም።»

«ታዲያ ከምን?» አለ ሳጅኑ።

«ከቆመችበት። ተገፍታ። የገፋት ሰው መሰላሉን ያመጣው አደጋ እንዲመስል ነው። ግን ያ ሰው ዲኮር ከላይ ወደ ታች እንደሚሠራ አያውቅም። ወይዘሪት ፕሮግራም ታውቃለች፤ ካሜራማኑም በየሠርጉ ያየዋል። ደግሞ ሁለቱም ሆኑ ሙሽራው የት እንደነበሩ ታውቋል።»

ሙሽሪት የአክስቷን እጅ ያዘች።

«አሁን ወደ ወንበሯ። ሟች ፎቶውን አንሥታ ሸፍና አስቀመጠች፤ በምትኩ እንደ ሌሎቹ ደብተርና ውኃ አቀረበች። አርባ አንደኛዋን ውኃ ለምና ነው ያመጣችው። ለሞተ ሰው ፎቶ ይቀመጣል። ውኃ የሚቀርበው ግን ለሚጠጣ ሰው ነው።» ፎቶውን ይዛ ወደ መጨረሻው ረድፍ ሄደች። «ጋሼ፣ ይህን ፎቶ አይተውት ያውቃሉ?»

«ፍሬሙን ቤቷ ነው የሠራችው፤ አላየሁትም።» ፎቶውን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው ያዙት። «ይቺማ... ወጣት ሆና ነው እንጂ... ጠባሳዋ እኮ ነው! የአበባ እርሻዋ ሴትዮ ናት! አበባ የምታስርልን!»

ሙሽሪት ብድግ አለች። «ምን ማለት ነው? እማዬ፣ ምን እያሉ ነው?»

«እናትሽ አልሞተችም» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ከዚህ የተሻለ አነጋገር ቢኖር እየተመኘች። «ሟቿ ፎቶውን ስትቀበል አወቀቻት። ዛሬ ሦስት ተኩል ላይ ጠርታታለች። ግን ጨዋ ሴት ነበረችና ያሳደገሽን ሰው ሳታማክር አላደረገችውም። እትዬ፣ አዳራሹን ዛሬ አላየሁትም ብለውኝ ነበር። ውኃው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ከሦስት ከአሥር በኋላ ነው፤ ከሦስት ከአርባ አምስት ጀምሮ ደግሞ በሩ ተቆልፏል። ውኃ መቅረቡን በምን አወቁ?»

እትዬ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተክለው ተናገሩ። እሳቸውም የደከማቸው ይመስሉ ነበር።

«እህቴ አእምሮዋ ታሞ ነበር። ሕፃኗን እሳት ዳር ጥላ የምትሄድበት ጊዜ ነበር። ሐኪም ቤት ገባች፤ ልጅቷን እኔ ወሰድኩ። ‹እናቴስ?› ስትለኝ ‹ሞተች› አልኳት፤ ለሕፃን ሌላ ምን ይባላል? ከአራት ዓመት በኋላ ድና መጣች። ልጅቷ እኔን እማዬ ማለት ለምዳለች። ከበሬ መለስኳት። ‹ለሷ ሞተሻል፤ ከወደድሻት ሙች› አልኳት። እሺ ብላ ሄደች። ዛሬ ይቺ ሴት አስጠርታኝ ‹ራስዎ ቢነግሯት ይሻላል፤ ደስ ይላታል› ትለኛለች፤ ደስ ይላታል! እንዳትናገሪ ብዬ ለመንኳት። ‹እየመጣች ነው› ስትለኝ ገፋ አደረግኳት። ገፋ ብቻ። ካልሲዋ አንሸራተታት።»

«ካልሲዋ!» አለ ሙሽራው ሳያስበው።

«መሰላሉን ሳመጣ አደጋ ነው ብለው ይተዉታል ብዬ ነው። ሰው ይታሰራል አላልኩም።»

«ሲታሰሩ ግን አይተሻል» አለች ሙሽሪት። እጇን ከአክስቷ እጅ አላቀቀች። «በመስኮት አብረን ነው ያየነው። እሳቸው ካቴና ገብቶላቸው ሲያለቅሱ አንቺ ጸጉሬን ታበጥሪልኝ ነበር።»

«ዛሬ አምረሽ እንድትወጪ ነዋ ልጄ» አሉ እትዬ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት።

ሳጅኑ ካቴናውን ከሽማግሌው እጅ አወለቀ። እትዬን በክንዳቸው ይዟቸው ሲወጣ ሙሽሪት ሁለት እርምጃ ተከተለችና ቆመች። ወይዘሪት ፕሮግራም ለአርባ ሰው መልእክት መጻፍ ጀመረች፤ ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች።

«ነፃ ነዎት ጋሼ» አለች ኢንስፔክተሯ። «በእርስዎ ጥፋት አልሞተችም።»

ጋሽ መሰላል አልሰሟትም። «የከበረ እንግዳ እየጠበቅኩ ነው አልኳት» ይላሉ። «በገዛ አፌ። ይሄን ጣሪያ ሙሉ አበባ ያሰረችው እኮ እሷ ናት።»

ሙሽሪት መጥታ ሰፊው ቀሚሷ እንዳለ ከእግራቸው ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሽፋሽፍት ያልተጣበቀለት ዓይኗ ቀልቷል።

«ሲመልሷት ምን አለች?»

«ምንም። ‹እሺ› አለች። ለካ ጸጉሯን ተሠርታ ነበር፤ እኔ ሞኙ ‹ምነው ዛሬ አምረሻል፣ ልታገቢ ነው እንዴ?› ብዬ ቀለድኩባት።»

«ከዚያስ?»

«ጥቂት ሄዳ ተመለሰች። ‹ሙሽራዋን አይተሃታል?› አለችኝ። ‹አዎ› አልኳት። ‹ምን ትመስላለች?› አለች። እኔ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው፤ እንግዳ እጠብቃለሁ። ‹ሙሽራ ምን ትመስላለች፤ ሙሽራ ሁሉ አንድ ነው፤ በይ ሂጂ› አልኳት።»

አዳራሹ ውስጥ የቀረው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ሙሽሪት ብቻ ቀና ብላ ሽማግሌውን ታያቸው ነበር።

«እርሻው ሩቅ ነው?» አለች።

«በእግር ሃያ ደቂቃ ነው።»

«በሉ ተነሡ እንሂድ» አለች፤ እጃቸውን ይዛም አስነሣቻቸው።